ባዶ የሚመስል ቦታ

ልጄ ኪያ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ቢሮ የኮምፒውተር ሠራተኛ ናት። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። እረፍት ከወጣች ቆይቷል፤ ፊቷ ሁሉ ተለውጧል። አሁን ግን ከሰኞ ጀምሮ ፈቃድ ትወጫለሽ ተብላ፣ ወሊሶ ፍል ውሃ ልንሄድ ተነጋግረን ነበር።

ቅዳሜ ምሳ ላይ አለቃዋ አቶ አብዱልጀባር ደወሉ።

"አይቻልም ጋሼ" አለቻቸው። "ባዶ ይመስላል እንጂ ካርታ ወጥቶበታል። ለሌላ ሰው አንሰጠውም።"

እኔ ደነገጥኩ። ልደታ ሲፈርስ ካርታ የሌለው ሰው እንዴት እንደሆነ አይቻለሁ። ስልኩን ስትዘጋ "የማንን ቤት ነው የሚሸጡት? አንቺን እንዳያስገቡሽ" አልኳት።

ሳቀች፣ የደከመው ሰው ሳቅ። "የኮምፒውተር ነው እማዬ።"

"ኮምፒውተር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ካርታ የሚያወጣው? ክፍለ ከተማ ሄዶ ነው?"

"እኛው ነን የምናወጣለት። ነገ ተመለሱ አንልም።"

እንደገባኝ ልጻፈው፤ ከተሳሳትኩ ጥፋቱ የእኔ ነው። አንዱን ትልቅ ኮምፒውተር እንደ ግቢ ከፋፍለው ለደንበኞች ያከራዩታል። እያንዳንዱ ተከራይ ግቢው በሙሉ የእኔ ነው ብሎ ያስባል። ለአንዱ ተከራይ ደግሞ ካርድ የሚሉት፣ መረጃ የሚያመላልስ ዕቃ ለብቻው ተሰጥቶታል። ካርዱ ሥራውን የሚያስቀምጠው ሜሞሪ በሚሉት የተከራዩ ቦታ ውስጥ ነው፣ በፈለገው ሰዓት። ተከራዩ "አንደኛ ክፍሌ" የሚለው በእውነተኛው ግቢ የት እንደሆነ ለካርዱ የሚያሳየው ያ ካርታ ነው። ስለዚህ ቦታው ተቆልፎ ይቀመጣል። ካርታው ሳይነካ ቦታው ለሌላ ከተሰጠ፣ ካርዱ ሄዶ በማያውቀው ሰው ሥራ ላይ ይጽፍበታል።

አቶ አብዱልጀባር ግን ያንን ቦታ ለአዲስ ደንበኛ ሊሰጡ ቃል ገብተዋል። እንደገና ደወሉ፤ ድምፃቸው እኔ ድረስ ይሰማል።

"ኪያዬ፣ ሰው የማይገባበት ክፍል ምን ያደርግልናል? ክፈቺውና ሰኞ እረፍትሽን ውጪ።"

"ካርዱ ይገባበታል ጋሼ። መቼ እንደሚገባ ደግሞ አይነግረኝም።"

"እንግዲያው ተጨማሪ ሜሞሪ እስኪገዛ ፈቃድ የለም። ደንበኛውንም አንቺው ታባብዪዋለሽ።"

"እሺ" ብላ ዘጋች።

ከቦታው ትንሽ ብትሰጫቸውስ ልላት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ጉልበቴም ፍል ውሃውን ፈልጓል። አፈርኩና ተውኩት።

እሷ ግን ገብቷታል። "ብሰጣቸው ወሊሶም ሄጄ አልተኛም ነበር" አለችኝ፤ ምሳዋን ሳትጨርስ ተነሳች።

ሰኞ ጠዋት እሷ ሥራ ከሄደች በኋላ ሻንጣውን ከፍቼ ፎጣዎቹን ቁም ሳጥን ውስጥ መለስኳቸው።