የፕላዝማዋ አስተማሪ

ዘጠነኛ ክፍል ለመማር ከኩታበር ገጠር ደሴ ስገባ እንግሊዝኛ የምችል ይመስለኝ ነበር። ስምንተኛ ክፍልን ሁለተኛ ወጥቼ ነው የጨረስኩት። ቀለማቱን አውቃለሁ፣ የሳምንቱን ቀናት አውቃለሁ፣ «ማይ ፋዘር ኢዝ ኤ ፋርመር» ብዬ ሳላቅማማ እጽፋለሁ። ደሴ ያለው ትምህርት ቤት ግን ከአማርኛ በቀር ሁሉንም የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነበር፤ ያውም በሰው ሳይሆን በፕላዝማ።

ፕላዝማ የምንለው ከሰሌዳው አጠገብ በብረት ሳጥን የተቆለፈ ትልቅ ቴሌቪዥን ነው። የእንግሊዝኛ መምህራችን ሳጥኑን በቁልፍ ይከፍትና ወንበር ስቦ መስኮቱ ጋ ይቀመጣል። ከዚያ ሌላ አገር የተቀረጸች አንዲት ሴትዮ ብቅ ትልና ትናገራለች። ስትናገር ከኋላዋ የሚያባርራት ያለ ነው የሚመስለው። መስመሩን ግማሽ ሳንጽፍ ገጹ ይቀየራል። የዚያን ዓመት ደብተሬን ዛሬ ባገኘው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚገኝበት አይመስለኝም።

የምኖረው ሰኞ ገበያ አካባቢ በተከራየነው ክፍል ከአክስቴ ልጅ ጋር ነበር። በዕድሜ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፣ በድፍረት ግን በአሥር። ኅዳር ላይ ትምህርቱ መረራትና የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ተቀጠረች። እኔ ከጦሳ ተራራ ከሚወርደው ጉም ጋር ቀረሁ። የፍራሹ የእሷ ወገን ቀዝቃዛ ነበርና ልብሶቼን እደረድርበት ጀመር። ክፍል ውስጥም ከከተማ ልጆቹ ጋር አልተግባባሁም፤ አነጋገሬ ያስቃቸዋል፣ እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ አንዴ ከሳቁብኝ ሁለተኛ አፌን አልከፍትላቸውም። ከሰኞ እስከ ሰኞ ከሱቅ ሻጭ በቀር ከማንም ጋር ሳላወራ የሰነበትኩባቸው ሳምንታት ነበሩ።

ሰኞ የገበያ ቀን ነው፤ አባቴ ድርቆሽና በሶ ይዞልኝ ይመጣል። የአክስቴ ልጅ «እዚህ ሙቀት አለ፣ ሰው አለ፣ ወላሂ ስለ እንግሊዝኛ የሚጠይቅሽ የለም፤ ነይ» ብላ እንደላከችብኝ ስነግረው ስንቁን አስቀምጦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አለኝ። «ደብተርሽን ገልጬ አልፈርድ። ገብቶሽ እንደሁ ተማሪ። ካልገባሽ እውነቱን ንገሪኝና ከእህትሽ ጋር ሁኚ። እዚህ ብቻሽን አትንገላቺ።»

«ገብቶኛል አባየ» አልኩት። በየሰኞው እየመጣ ይጠይቀኛል፤ በየሰኞው ገብቶኛል እለዋለሁ።

መዋሸቴ አልነበረም። ሴትዮዋ የምታስተምረን የንግግር ክፍሎችን ነበር፤ እነ ናውን፣ ቨርብ፣ አድጀክቲቭ፣ አድቨርብ። አንድ ዓረፍተ ነገር ታመጣለች፣ አንዱን ቃል ታሰምርበታለች፣ ምን እንደሆነ ትጠይቅና ጥቂት ዝም ትላለች። በዚያች ዝምታ ውስጥ ክፍሉ ሁሉ ወይ ያንቀላፋል ወይ ይንሾካሾካል። እኔ ግን እመልስላት ጀመርኩ። መጀመሪያ በሆዴ፣ በኋላ በከንፈሬ፣ ጥር ላይ ድምፅ አውጥቼ። «ቨርብ» እላለሁ። «ቬሪ ጉድ!» ትለኛለች ፈገግ ብላ፣ ዓይኔን እያየች። ከዚያ በኋላ የምታወርደው ፈጣን ንግግር አይገባኝም፤ ትክክለኛውን መልስ የምትናገረው እዚያ ውስጥ እንደነበር ያወቅኩት በጣም ቆይቼ ነው። እኔ የምሰማው ምስጋናውን ብቻ ነበር። በሳምንት አምስት ቀን የሚያመሰግነኝ ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አንዳንድ ጠዋት ለእሷ ብዬ ሻሼን አስተካክዬ አስር እንደነበር ብናገር ዛሬም ያሳፍረኛል።

የካቲት ላይ የአካባቢው ትራንስፎርመር ተቃጠለና ከሁለት ሳምንት በላይ መብራት ጠፋ። መምህሩ ከመስኮቱ ተነስቶ ጠመኔ ያዘ። ሰሌዳው ላይ «ዘ ኦልድ ማን ዎክስ ስሎውሊ» ብሎ ጻፈና «ኦልድ» የሚለውን አሰመረበት። እጄን አወጣሁ።

«ቨርብ!»

«አይደለም» አለና «ስሎውሊ» የሚለውን አሰመረ።

«ናውን!»

«ማነው እንዲህ ብሎ ያስተማረሽ?»

ወደ ጠፋው ፕላዝማ ጠቆምኩ። «እሷ ናት። ቬሪ ጉድ ብላኛለች።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህሩም ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዞረ፣ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ቁጭ አልኩ። ሴትዮዋ ለደሴውም፣ ለአዲስ አበባውም፣ ተኝቶ ለሚያንኮራፋውም ያንኑ እንደምትል የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከመሳቃቸው ይልቅ ያ ነው የጎዳኝ። ለካ አላየችኝም።

የሚቀጥለው ሰኞ አባቴ ስንቁን አውርዶ እንደተለመደው ሲጠይቀኝ እውነቱን ነገርኩት። ምንም እንዳልገባኝ፣ ከኅዳር ጀምሮ ለቴሌቪዥን ስመልስ እንደከረምኩ፣ ነገ ኮምቦልቻ ልወርድ እንደቆረጥኩ። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ሌላ የሚያናግርሽ ሰው የለም እንዴ?» አለኝ።

የለም ለማለት አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ።

«አብሽሪ» አለ። «አብሽሪ ልጄ። ኮምቦልቻ የትም አይሄድ። መጀመሪያ የሚያውቅሽ ሰው ይጠይቅሽ። የዚያን ጊዜም ካልገባሽ ራሴ አደርስሻለሁ።»

ዕለቱን ወደ አገሩ አልተመለሰም። በማግስቱ ጠዋት ገበያ ሲመጣ የሚለብሰውን ካፖርቱን ለብሶ ትምህርት ቤት ድረስ ሸኘኝ። መምህሩን በር ላይ አገኘነው።

«አሰላሙ አለይኩም መምህር። ይችን ልጅ ያውቋታል?»

መምህሩ አፈረ። እኔን አየ፣ የስም መቆጣጠሪያውን ገለጠ። «አባቴ፣ እኔ የማስተምረው ብዙ ክፍል ነው፤ ሁሉንም በስም አልይዝም... ቁጥርሽ ስንት ነበር?»

አርባ ሰባት ልለው ስል አባቴ ቀደመኝ።

«ስም አላት እንጂ» አለ። በቁጣ አልነበረም። ስሜን ተናገረ፣ የራሱን ጨመረበት፣ የአያቴን ጨመረበት። «ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ስትሳሳት በዚያ ይጥሩልኝ። ሌላ የማስቸግርዎት ነገር የለኝም።» ከዚያ መምህሩን በሁለት እጁ ጨብጦ መናኸሪያው ወዳለበት ሄደ።

መብራቱ ገና አልመጣም ነበር። መምህሩ ገብቶ ዓረፍተ ነገር ጻፈ፣ አንድ ቃል አሰመረበት፣ ዞር ብሎ ክፍሉን አየ። ከዚያ በስሜ ጠራኝ። ደሴ ከገባሁ ስድስተኛ ወሬ ነበር፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ስሜን ሰው ሲጠራው ያን ቀን ሰማሁ። ቆምኩና የመጣልኝን ተናገርኩ።

«ተሳስተሻል» አለኝና እንደገና ስሜን ጠርቶ ለምን እንደተሳሳትኩ ቀስ ብሎ በአማርኛ አስረዳኝ። ገባኝ። እውነት ገባኝ። ሌላ ቃል አሰመረና እኔኑ ጠየቀኝ። አድጀክቲቭ ነበር፤ ጥርት አድርጌ አውቄዋለሁ።

«ቨርብ» አልኩት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲጠራኝ ብዬ።