መምህር ባዬ እግራቸውን ያሳረፉበት ድንጋይ

መምህር ባዬ ፍኖተ ሰላም ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ታሪክ አስተምረዋል። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ምዕራፍ፣ ለምን እንደሆነ እሱ ፈጣሪያቸው ይወቅ፣ የአሜሪካ መስፋፋት ነበር። በነጭ ጠመኔ ምሥራቅ ጥጉን ይስሉና ቀዩን ያነሣሉ። «ይኸው በፈረንጆቹ 1803 ሉዊዚያናን ከፈረንሳይ ገዙ፤ አገሪቱ በአንድ ፊርማ እጥፍ ሆነች» ብለው ሰሌዳውን እስከ ምዕራብ ተራሮች ያቀሉታል። ከዚያ ፍሎሪዳ፣ ከዚያ ቴክሳስ። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ኮታቸው እስከ ክርናቸው ቀይ ነው።

አንድ ቀን ቸሮኪ ስለሚባሉት ነባር ሕዝቦች አስተማሩ። የዋሽንግተኑ ምክር ቤት በ1830 ነባሮቹን ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ የሚያሰፍር ሕግ አወጣ። ቸሮኪዎች ከፍርድ ቤት ቆመው ተከራክረው ረቱ፤ ቢረቱም ወታደር መጥቶ ነዳቸው፤ በሺህ የሚቆጠሩትም በመንገድ አለቁ። ይህን ጊዜ ተናኜ የምትባል ከገጠር የመጣች ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ የመሬት ደብተር አልነበራቸውም?»

«ውል ነበራቸው።»

«ታዲያ ጎረቤቶቻቸው ምን አሉ?»

ደወሉ ተደወለ። መምህር ባዬም ጠመኔያቸውን ኪሳቸው ከተው ወጡ።

ጡረታ ሲወጡ ባለቤታቸው ያምሮት ካረፈች ዓመት ሆኗት ነበር፤ ልጅም አልወለዱም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ብለው፣ ከቡሬ መንገድ ገባ ብሎ ወዳለው የአባታቸው መሬት ተመለሱ። ማረስ አይችሉምና መሬቱን መልካሙ ለሚባል አራሽ በእኩል ሰጡት። መልካሙ ጉልበተኛ፣ ታማኝና ትንሽ ወሬኛ ነው። የመሬታቸው አዋሳኝ የዚያች ተማሪያቸው የተናኜ እናት፣ ባል የሞተባቸው እማዋይሽ ናቸው።

በመጀመሪያው ዓመት ጎረቤቱ ሁሉ ደጃቸውን አጣበበው። ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ግን ሰው ቀረ። የጎጃም ሰው ሲያኮርፍ ሰላምታው ይበዛል፤ ጎንበስ ብለው፣ ጤናቸውን፣ ከብታቸውን፣ አዝመራቸውን ጠይቀው ያልፋሉ። ማኅበር ላይ እሳቸው ሲቀመጡ ጨዋታው ይቋረጣል። ወዲያው ደግሞ እማዋይሽ መሬታቸውን ለአራሽ ሰጥተው ቡሬ ልጃቸው ተናኜ ዘንድ ገቡ፤ የጎን ቤቱም ተዘጋ። መምህር ባዬ ጧት ጧት ከደጃፋቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አሳርፈው፣ ማንን እንዳስቀየሙ ያስባሉ። አያገኙትም። ብሞት ማን ይቀብረኛል የሚለው ሐሳብ ነበር የሚያስፈራቸው።

በሰባተኛው ዓመት፣ የሚያዝያ እርሻ ሲጀመር፣ መልካሙ ቀንበሩን ደግፎ ቆመና ፈገግ አለ።

«መምህር፣ መሬትዎ እኮ እንደ ድሮው አይደለም። ሰባት ትልም አስፍቸልዎታለሁ።»

«ከየት አምጥተህ?»

«ኸእማዋይሽ በኩል ነዋ። በየዓመቱ አንድ፣ አንድ።»

«የወሰኑ ድንጋይስ?»

መልካሙ በአገጩ ወደ እግራቸው አመለከተ። «ይኸው ያሳረፉበት። ለእግርዎ ይመቻል ብዬ አመጣሁልዎ።»

እግራቸውን አነሡ። «እኔ መች አዘዝኩህ?»

«አላዘዙኝም» አለ መልካሙ፣ ግራ ገብቶት። «አልከለከሉኝምም።»

ይህን በገዛ አፋቸው ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምረውታል። መጀመሪያ መጥረቢያና ማረሻ የያዘው ሰፋሪ ይሄዳል፤ ዋሽንግተን እኔ አላዘዝኩም ይላል፤ ኋላ የታረሰውን ፈርሞ ይወስዳል። ደግሞስ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ በቆሎው በየዓመቱ ሲጨምር ዝናቡ ነው ብለው አልፈዋል። እማዋይሽ አንድ ጊዜ በራቸው ድረስ መጥተው፣ «መምህር፣ ዘንድሮ በርበሬዬን ማረም ሳልጀምር አለቀብኝ» ብለዋቸው ነበር። እሳቸው ስቀው፣ «ጉልበት ሰጥቶዎት ነዋ» አሉ። እማዋይሽ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ሄዱ። ጎጃም ተወልዶ፣ ይህን ያህል ተምሮ፣ ማሳዬ ጠበበ የሚለውን ቅኔ አለመስማት። መምህር ባዬ አፈሩ።

በአገሩ ደንብ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳይ ደጅ ይቆማል፤ ከትከሻው የሚያወርድለት የተበደለው ነው። ሽማግሌ ይዞ መሄድም ነበረበት፤ ግን ማን ይከተላቸዋል? ድንጋዩን ብቻቸውን ተሸክመው አስፋልት ወጡ። የሚኒባሱ ረዳት ከወንበር ሥር ላስገባልዎ ቢላቸው እምቢ አሉ። እስከ ቡሬ ድረስ ትከሻቸው ላይ ይዘውት ሄዱ፤ ተሳፋሪው ምን እንደሆነ ገብቶታልና ማንም አልጠየቀም።

በሩን የከፈተች ተናኜ ናት። አየቻቸውና እናቷን ጠራች። እማዋይሽ ወጥተው ድንጋዩን አተኩረው አዩት፤ አወቁት። በሁለት እጃቸው ከመምህሩ ትከሻ አወረዱላቸው።

«ይቅር ብያለሁ መምህር። እሱም ይቅር ይበልዎ።»

«ሰባቱንም ትልም እመልሳለሁ። እንግዲህ ወደ ቤትዎ ይመለሱ፣ እትዬ እማዋይሽ።»

«አይ፣ እሱስ ይቅር። ጧት እየተነሣሁ መሬቴን በእርምጃ ስለካ መኖር ሰለቸኝ።»

መምህር ባዬ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ሊያነሡ ሲሉ እማዋይሽ እጃቸውን ጫኑበት። «ይህ እኔው ዘንድ ይቀመጥ። ኸዚያ ቢሆን ደግሞ ይነሣል።»

ምሳ በሉ። ሲወጡ ተናኜ እስከ መንገድ ሸኘቻቸው።

«ያን ጊዜ የቸሮኪዎቹ ጎረቤቶች ምን አሉ ብለሽኝ ነበር» አሉ።

«አልረሳሁትም።»

«አብዛኞቹ ዝም አሉ። መሬቱንም በዕጣ ተከፋፈሉት።»

ተናኜ መኪናው እስኪመጣ አብራቸው ቆመች።

ሰባቱ ትልም ተመለሰ። ሰው ግን እንደ ትልም ቶሎ አይመለስም። ድንጋዩ ቡሬ ነው፤ እዚያ ካሉት ትክክለኛውን ቦታ ከመልካሙ በቀር የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ መልካሙን ደግሞ አላመኑትም። ስለዚህ እርሻ በደረሰ ቁጥር መምህር ባዬ በትራቸውን ይዘው ድንጋዩ ከነበረበት ላይ ይቆማሉ። የወዲህም የወዲያም አራሽ እግራቸው ሥር ሲደርስ በሬውን ይመልሳል። በመንገድ የሚያልፈው ጎንበስ ብሎ ጤናቸውን ይጠይቃል፤ እግዜር ይመስገን ይላሉ፣ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ። በሬዎቹ ሲፈቱ ወደ ቤት ይገባሉ፤ በማግስቱም እዚያው ናቸው።