የግራ ዓይኔ ሽምግልና

የግራ ዓይኔ መደብዘዝ ሲጀምር፣ ልብስ ሰፊ ነኝና ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ ሆነብኝ። በግራው ብቻ ቀይ ክር ሳይ በረኪና የነካው ይመስለኛል። ዓይኔን ሳዞር ደግሞ ከውስጥ ያመኛል። እታወራለሁ ብዬ በጣም ፈርቼ ነበር፤ እናቴ ግን "ስልክ ላይ ተጥደሽ ውለሽ ነው" ብላ ገላገለችኝ።

ከኮልፌ በታክሲ ዓይን ሐኪም ቤት ሄደን መጀመሪያ የዓይኔ ውስጥ ፎቶ ተነሳ። ብርቱካናማ ክብ ነው፤ በላዩ ላይ ያለችው ነጣ ያለች ነገር የነርቩ ጫፍ ናት። ምንም አልተገኘባትም። ቀጥሎ የነርቩን ውፍረት የሚለካ ማሽን ላይ አገጬን አስደግፌ ተቀመጥኩ፤ ወረቀቱ አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆኖ ወጣ። አረንጓዴ ማለት ደህና ማለት ነው ተባልን። የመረመረኝ ወጣት ዶክተር ግን አልተዋጠለትም፤ ኤምአርአይ አዘዘ።

እናቴ ሁለቱ ደህና ካሉ ሦስተኛ ለምን ብላ ተናደደች። ቤት ስንመለስ ሊጠይቁኝ የመጡትን ጎረቤቶች ሽማግሌ አድርጋ አስቀመጠችና ፎቶውንና ወረቀቱን አቀረበች። የዕድራችን ዳኛ ፎቶውን ገልብጠው ይዘው ብዙ መረመሩት።

"ምንም አይወጣለትም" አሉ። "እንግዲህ ሁለቱም ደህና ነው ብለው መስክረዋል። ከሳሿ ደግሞ ብቻዋን ናት።"

ከሳሿ እኔ ነኝ። ከዓይኔ ጋር እንድታረቅ ተፈረደብኝ፣ ምርቃትም ወረደ። እንዲህ ያለ ጉድ! አሜን አልልም ብዬ አኮረፍኩ።

እናቴን በግድ አሳምኜ ኤምአርአዩን ተነሳሁ። ዶክተሩ ምስሉን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ ከዓይኔ ጀርባ ያለውን ነርቭ አሳየን። የግራው ቦግ ብሎ ይታያል፤ ተቆጥቷል።

"ታዲያ እነዚያ ሁለቱ ዋሹ?" አለች እናቴ።

"አልዋሹም እናቴ። እነሱ የሚያዩት ፊት ለፊት ያለውን ጫፍ ነው። ሕመሙ ያለው ከኋላ ነው፤ እዚያ ድረስ የሚያሳየው ይሄኛው ነው። ልጅዎ እውነቷን ነው" አላት ዶክተሩ።

መርታቴ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ምን እንደረታሁ ገባኝና ደነገጥኩ። ዶክተሩ መድኃኒት በደም ሥር እንደሚሰጠኝ፣ እይታው አብዛኛውን ጊዜ እንደሚመለስ፣ ቃል መግባት ግን እንደማይችል ነገረን። እናቴ የሰማችው የመጨረሻውን ብቻ ነው።

"ካልተመለሰ የኔን ቀይርላት" አለችው።

"እናቴ፣ ነርቭ እኮ አይቀየርም።"

"ሞክረኸው ታውቃለህ?"

"ኧረ አላውቅም።"

"ታዲያ!" አለችና መነጽሯን አውልቃ መመርመሪያው ወንበር ላይ ወጥታ ተቀመጠች።