የልብስ ሰፊው እጅ

በአንድ መጽሔት ሥራ የጀመርሁት ሰኞ ጠዋት ነበር። ከማስተማር ጡረታ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ቢሮው ነፋስ ስልክ፣ ከአንድ የቀለም መደብር በላይ ነው። አዘጋጇ ሰብለ የቀድሞ ተማሪዬ ናት። “መምህር፣ ፍቅርና ጨረቃ በቃን” አለችኝ። “በየወሩ አንድ ግጥም ይስጡኝ፤ ስለ ሰው አካል፣ ስለ አእምሮው፣ ስለዚህ ከተማ። ከሃያ ስንኝ ግን እንዳያልፍ።”

ያን ጊዜ ጠዋት ጠዋት ሀና ማርያም ታክሲ ለመያዝ እሰለፋለሁ። የሰው ትከሻ፣ ያበጠ ጉልበት፣ ብቻውን የሚያወራ ከንፈር አያለሁ። ያየሁትን በእርሳስ በትንሽ ደብተር እመዘግባለሁ። ቤቴ ገብቼ የእያንዳንዱን ሐረግ ቀለም በጣቴ እየቆጠርሁ ስንኙን አስተካክላለሁ። የሰው ስም አልጠቅስም። በቂ ጥንቃቄ ይመስለኝ ነበር።

ጎረቤቴ በየነ የክርስትናና የሠርግ ልብስ ሰፊ ነበር። አንድ ቀን የኮቴን ቁልፍ ላሰፋ ገባሁ። ክሩን ወደ መርፌው ሊያሾልክ ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ እጁ ተንቀጠቀጠ።

“አየህ እንግዲህ” አለኝ። “ዓመት ሆነው። የምትቆርጠውም የምትሰፋውም ዘነበች ናት፤ እኔ ደንበኛ አነጋግራለሁ። ልጃችን ትምህርቷን እስክትጨርስ ይደበቅልኝ።”

“ከእኔ አይወጣም” አልሁት።

ሚስቱ ዘነበች ከመጋረጃው ጀርባ፣ “መምህርማ ሰላምታ እንኳ አይወጣቸው!” ብላ ሳቀች።

ለማንም አልተናገርሁም። ሆኖም የወሩ ግጥም ማስረከቢያ ደርሶ ምንም አልጻፍሁም ነበር። የበየነን ነገር፣ ሰፈሩን መርካቶ አድርጌ ጻፍሁት፦

ጣቱ ጌታውን ከዳው፣ መርፌው ክሩን ናቀ፤
ሚስት መቀስ ስትይዝ፣ ባል በሩን ጠበቀ።

ሰብለ እንደ ቆመች አነበበችው። “እስከ ዛሬ ከጻፏቸው ይበልጣል። ሰውየው በእውነት አለ እንዴ?”

“ግጥም ነው” አልኋት።

መጽሔቱ ታትሞ በወጣ ሰሞን በእድራችን የእሑድ ስብሰባ ጸሐፊው አቶ ግርማ ሊያከብሩኝ አስበው ግጥሙን በድምፅ ማጉያ አነበቡት። “ሰፈራችን ገጣሚ አለው! መምህር፣ ይነሡ እንጂ!” አሉ። ተነሣሁ። ጭብጨባው ሳያልቅ ቆመ። ሰው ሁሉ ወደ በየነ ዞረ። እርሱ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

አንዲት ሴት ከኋላ፣ “ታዲያ የልጄን ቀሚስ ማነው እየሰፋው ያለው?” አለች።

በማግስቱ ጨርቋን በፌስታል ይዛ ሄደች። ሌሎቹም ተከተሏት። ዘነበች፣ “እስከ ዛሬ ያማረባችሁን የሰፋሁት እኔ እኮ ነኝ!” ብላ ተከራከረች፤ ሰሚ አላገኘችም። ከጥቂት ወራት በኋላ ሱቁ ተዘጋ። ልጃቸው ትምህርቷን አቋርጣ ብስራተ ገብርኤል አንድ ካፌ ተቀጠረች።

ይቅርታ ልጠይቅ ሄድሁ። በየነ በሩ ላይ ቆሞ ግባ አላለኝም።

“ግጥሙስ ጥሩ ነው” አለ። “አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከመስጠትህ በፊት አንዴ ብታነብልኝ ምን ነበረ? በመካከላችን ያለው እኮ ሁለት ቤት ነው።”

ያላነበብሁለት እንዳይከለክለኝ ፈርቼ ነው። ይህን ለእርሱ መናገር አልቻልሁም።

በዚያው ሳምንት ለሰብለ የመልቀቂያ ደብዳቤ ሰጠኋት። ከዚያ ወዲህ ግጥም አልጻፍሁም፤ ምክንያቱንም ለጠየቀኝ ሁሉ ሕመም ነው ስል ኖሬአለሁ።

ስለ ሕያው ሰው አካል የጻፋችሁትን፣ ከማሳተማችሁ በፊት ለራሱ ለሰውየው አንብቡለት። እምቢ ካለ ቅደዱት።