ያጠብሁት ጥጃ

ደብረ ማርቆስ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ስለ ወተት የማላውቀው የለም፤ ቢያንስ ጥቁር ሰሌዳ ላይ። ስኳሩ ላክቶስ፣ ፕሮቲኑ ኬዝን፣ ሲረጋ የሚያኮመጥጠው ላክቲክ አሲድ፣ ቅቤው ሲቆይ የሚከረፋው ደግሞ ቡቲሪክ አሲድ ነው እያልሁ የካርቦን ሰንሰለት ስስል፣ በአገሩ ላይ ብቸኛው ባለላም እኔ እመስላለሁ። ላም ግን የለኝም። ላሚቱ የእናቴ ናት፤ ያለችውም ከሮብ ገበያ አለፍ ብሎ፣ ወላጆቼ ቤት ነው።

ባለፈው ክረምት አባቴ ሆዱን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ቤት ገባ። ከወተት በቀር የሚረጋለት ነገር አልነበረም፤ ሌላውን ሁሉ ይመልሰዋል። በዚያው ሰሞን የላሚቱ ጥጃ ሞተ። ላም ደግሞ ጥጃዋን ካላገኘች ወተቷን ትይዛለች። እናቴ አልተደናገጠችም። የጥጃውን ቆዳ አስገፍፋ፣ ጭድ ሞልታ፣ በማዳበሪያ ክር ሰፍታ፣ ጨው ነስንሳ ላሚቱ ፊት አቆመችው። ላሚቱ ትልሳለች፣ እናቴ ታልባለች፣ አባቴ ይጠጣል። እኔ ለእረፍት እስክመጣ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

መጣሁና ሳይንሱን አብራራሁ። ማንም አልጠየቀኝም።

"እማ፣ ይኼ ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ነው። ላሟ የልጇን ጠረን ስታሸት ከአንጎሏ ይመነጭና በደም ሥር ወደ ግቷ ሄዶ ወተቱን ይገፋዋል።"

"እህ" አለች፣ ምስሯን እየለቀመች። "እኛ እንኳ ወረደላት ነው የምንል።"

በማግስቱ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ውለታ ልዋል ብዬ ተነሳሁ። የጭዱን ጥጃ ዝንብ ወርሮታል፤ ይሸታል። በሽተኛ በተኛበት ቤት! ዱቄት ሳሙና በጥብጬ ፈተግሁት፣ ሦስት ጊዜ አለቀለቅሁት፣ ብልጭ ባለችው ፀሐይ አሰጣሁት። ሳሙናው ስለተረፈኝ፣ እናቴ ራስጌ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ የኖረውን የተማሪነት ሹራቤንም ጨምሬ አጠብሁ። ይህን ቡትቶ ለምን እንደምታኖረው አልገባኝም።

ማታ ጥጃዬ አበባ አበባ እየሸተተ ላሚቱ ፊት ቆመ። አሸተተችው፤ ከዚያም በቀንዷ ገፈተረችው። እናቴ ለማለብ ጎንበስ ስትል ማለቢያውን በእርግጫ አንከባለለችው። ግቷ ተወጥሯል፤ ጠብታ የለም። "ጠረን ማለት የሚተኑ የኦርጋኒክ ውህዶች ናቸው፤ ሳሙና ያስወግዳቸዋል" የሚለውን መልስ የሳቱ ተማሪዎቼን አራት ነጥብ የቀነስሁባቸው እኔው ነኝ።

"አጠብኸው?" አለች እናቴ።

"አዎ።"

"በሳሙና?"

የተንከባለለውን ማለቢያ ላነሳ ጎንበስ አልሁ። አባቴ ከመደቡ ላይ ሆኖ "የተማረ ይግደለኝ ስል ኖሬ፣ ይኸው እግዜር ሰማኝ" አለና ስፌቱን ይዞ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ያቺው አንዲት ጣሳ ወተት ነበረች ያቆመችው። ፈራሁ።

ሁለት ቀን ሙሉ ጣሳ ይዤ ጎረቤት ለጎረቤት ወተት ለመንሁ። ሁሉም ምን ሆናችሁ ይላል፤ በየደጁ አስረዳሁ። አንዲት ባልቴት ሰምተውኝ ሲያበቁ "አስተማሪ ነው አላሉም እንዴ አንተን?" አሉኝ፤ ወተቱን ግን ሞልተው ሰጡኝ። እናቴ በበኩሏ ጥጃው ሳይሞት የተኛበትን ጉዝጓዝ ከጋጣው ጥግ ለቃቅማ፣ በላሚቱ ሽንት አርሳ፣ ቆዳውን ደጋግማ አሸችው። ያን ሁሉ የደከምሁበትን ንጽሕና አንድ በአንድ መለሰችብኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ላሚቱ አሸተተች፤ ቆየች፤ ከዚያ ምላሷን አወጣች። ወተቱ ወረደ። አባቴ አንድ ጣሳ ጠጥቶ ጢሙን ሲጠርግ እንባዬ መጣ፤ የጋጣው ሽታ ነው ብዬ ወጣሁ።

ስመለስ እናቴ ሹራቤን ከምስማሩ አውርዳ ፊቷ ላይ አድርጋው ነበር። ስታየኝ ቶሎ አጠፈችው።

"ምነው፣ እማ?"

"ምንም። ሳሙና ሳሙና ይላል እንጂ።" መልሳ ምስማሩ ላይ እየሰቀለችው፣ "ለትምህርት ከወጣህ ወዲህ ውኃ አላስነካሁትም ነበር" አለች።

ከእረፍቴ አምስት ቀን ቀርቶኛል። ሹራቡን ለበስሁት፤ እጅጌው ክርኔ ላይ ቀረ፣ ብብቱ ተተረተረ። ለብሼው ጋጣ ጠረግሁ፣ እንጨት ፈለጥሁ፣ ተኛሁበትም። ልሄድ ስል አውልቄ ምስማሩ ላይ ሰቀልሁት። እናቴ ጠጋ ብላ አሸተተችና "እሰይ" አለች።