ሦስት ፊደል ለመቐለ አይበቃም

ከኮምቦልቻ ልወጣ በዋዜማው ማታ እናቴ ሻንጣዬን ስትፈታ ስታስር አመሸች። ዳቦ ቆሎውን ከልብሱ ሥር ትከተዋለች፣ «ይደቅቃል» ብላ ታወጣዋለች፣ ደግሞ «ከላይ ከሆነ መንገድ ላይ ለሰው ሁሉ ታድይዋለሽ» ብላ መልሳ ትቀብረዋለች። እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አያታለሁ። ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ቤት መቀመጥ አንገፍግፎኝ ነበር፤ ሥራ የተገኘው መቐለ ነው፣ ያውም የሙከራ።

«የሙከራ ማለት ምን ማለት ነው ፋጤ?» አለችኝ።

«ካልወደዱኝ ይመልሱኛል ማለት ነው እማ።»

«ወላሂ፣ ማነው ደግሞ አንቺን የማይወድ!» አለችና ሻንጣውን ዘጋችው። ለጎረቤቱ ሁሉ ግን «ልጄ መቐለ ትልቅ ሆስፒታል ተቀጠረች» ብላ አውርታ ጨርሳለች። ስለ ሙከራ ያወራችው ነገር የለም። ከወጣሁ ወዲያ ባዶ እጄን መመለስ እንደማይቻል ያኔውኑ ገባኝ።

አውቶቡሱ ጎህ ሳይቀድ ተነሳ። እስከ ወልዲያ እንባዬን ስውጥ፣ ከአላማጣ በላይ የግራካሶን ጠመዝማዛ ዳገት ስንወጣ ደግሞ ሎሚ ስልስ፣ እንዲያ እንዲያ እያልኩ ደረስኩ። የተቀበለኝ ነፋስ ነው። እናንተ ኮምቦልቻ ያላችሁት በስስ ሸሚዝ በረንዳ ላይ ስታመሹ፣ እኔ እዚህ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ስደት ስል የምትስቁብኝ አላችሁ፣ ዐረብ ሀገር ያላችሁ እህቶቼ በተለይ። እርግጥ ነው፣ ባሕር አልተሻገርኩም፣ ፓስፖርትም አላወጣሁም። ግን ሰው ሁሉ ሲስቅ በምን እንደሆነ ሳይገባኝ ዘግይቼ የምስቅበት ቦታ ከሆነ፣ ሌላ ምን ብዬ ልጥራው?

ቤት የተከራየሁት አደይ ኣብረኸት ከሚባሉ ሴት ነው። አደይ ማለት እናቴ ማለት ነው፤ እዚህ በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት ሁሉ አደይ ናት። ሻሼን አይተው ምርመራ ጀመሩ።

«ሙስሊም ነሽ ኣይደል?»

«አዎ አደይ።»

«ጽቡቕ፣ ጥሩ ነው። እኔ ሰው አልመርጥም። ግን ውሃው እየጠፋ ነው የሚመጣው፣ አንቺ ደግሞ በቀን አምስቴ ትታጠቢያለሽ።»

«አምስቱም በአንድ ጣሳ ነው» አልኳቸው።

«እስቲ ጣሳውን አሳዪኝ።»

ወላሂ ከሻንጣዬ አውጥቼ አሳየኋቸው። ተቀብለው አገላብጠው አዩት። «ትንሽ ነው፤ ግቢ» አሉኝ።

ሥራ የገባሁበት የግል ሆስፒታል ነው፣ ስሙ ይቅር። ካርድ ክፍሉ የሕመምተኛውን ዝርዝር በሙሉ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ ነበር። ሰው መስኮቱ ጋ መጥቶ ስሙን ይናገራል፣ ጸሐፊዋ ትጽፈዋለች፣ ከዚያ ሁሉም ይጠብቃል። ኮምፒውተሩ ፈልጎ እስኪያገኝ አግዳሚው ላይ ሰው ያዛጋል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሽማግሌ በከዘራው ወለሉን ይደበድባል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ክንፈ ታዲያ ሁለት ልጆች ለሙከራ አስመጡ፤ አንዷ እኔ፣ ሌላዋ ራህዋ። ቢሯቸው አስቀምጠውን «ቋሚ ቦታ ያለችን አንዲት ናት። ይህን ፍለጋ ያፈጠነች ትይዛታለች። በሉ ጀምሩ» አሉን።

ራህዋ የመቐለ ልጅ ናት። ጠዋት ከበር እስከ ካርድ ክፍል ለመድረስ ብዙ ይፈጅባታል፣ የሚስማት አያልቅማ! ዘበኛው የአባቷ ጓደኛ፣ ፅዳቷ የአክስቷ ጎረቤት። ቀትር ላይ እናቷ ትደውልና «በሊዕኪዶ?» ትላታለች፣ በላሽ ወይ ማለት ነው፤ ቋጥራ የላከችላት ምሳ ገና እየተነነ። እኔ ማዶ ተቀምጬ ዳቦ በሻይ አምጋለሁ። ቀናሁ። ምን እደብቃለሁ፣ እርር ድብን ብዬ ነው የቀናሁት! በእውቀቷ እንዳይመስላችሁ፣ እሱ በኋላ መጣ። መጀመሪያ የቀናሁት በዚያች «በሊዕኪዶ» ነው።

ይባስ ብላ አንድ ቀን ከእናቴ ጋር ሳወራ ስልኩን ከእጄ መንጭቃ «እማማ፣ ፋጡማ ምሳ አትበላም! ይቆጧት!» አለች። ከዚያ ወዲያ እናቴ በደወለች ቁጥር «ያቺ ልጅ እንዴት ናት?» ሳትል አትዘጋም። እኔ ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ጠፍቶ፣ እሷ የራህዋን ጤና ትጠይቃለች። ቆሽቴ አረረ።

አሁን ሥራውን ለማታውቁት ላስረዳ። ኮምፒውተር ብልህ እንዳይመስላችሁ። ማውጫ ካላበጁለት፣ አንድ ሰው ለማግኘት ከመጀመሪያው ሕመምተኛ እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ እየጠየቀ ነው የሚያልፈው፣ ሰርግ ቤት ልጇ እንደጠፋባት ሴት። ማውጫውን እኛ ኢንዴክስ እንለዋለን። ጭንቁ በምኑ ላይ ይሠራ የሚለው ነው። በካርድ ቁጥር ላይ እንዳልሠራው ካርዱን ይዞ የሚመጣ የለም። በስልክ ቁጥር እንዳልል ግማሹ ያስመዘገበው የጎረቤቱን ስልክ ነው። ስለዚህ በስም። ግን ኢንዴክስ ሲወፍር ቦታ ይበላል፣ አዲስ ሰው ሲመዘገብም ሥራውን ያጓትታል፣ የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ደግሞ ያረጀ ነው። እኔ ብልጧ ከእያንዳንዱ ስም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፊደሎች ብቻ ወስጄ ቀጭን፣ ቀልጣፋ ኢንዴክስ ሠራሁ።

ሳልሞክረውም አይደለም። ለመሞከሪያ ስም ሲያስፈልገኝ የኮምቦልቻ ሰፈሬን ሰው በሙሉ ደረደርኩ፤ ይመር፣ ከድጃ፣ እንድሪስ፣ ዘሀራ፣ ባለሱቁ አሰፋ። የሞተውንም ያለውንም ጻፍኩ፣ ናፍቆቴም ወጣልኝ። ቁልፉን ተጭኜ ጣቴን ሳላነሳ መልሱ ይመጣል። ራህዋ ገና እያሰበች ነው። ያን ቀን በደስታ ሕልበት አዝዤ በላሁ፤ ከባቄላና ከአብሽ የሚሠሩት ነጭ ማባያ ነው፣ እስከዚያ ቀን እንደ መድኃኒት ነበር የሚሸተኝ።

በማግስቱ አቶ ክንፈ ከጀርባችን ቆመው መስኮቱ ተከፈተ። የመጀመሪያው ሰው ስማቸውን ነገሩን፤ ገብረመድህን። ኮምፒውተሩ ዝም። ቀጥሎ ገብረህይወት። ዝም። ከዚያ ገብረሚካኤል፣ ከዚያ ገብረዮሐንስ። ቁልፉን ደጋግሜ ተጫንኩት። ለካ ሦስት ፊደል ቆርጦ መውሰድ ልክ «ገብረ» ላይ መቆም ነው! መቐለ ውስጥ ደግሞ «ገብረ» ብሎ መጣራት ግማሹን አዳራሽ ማስነሳት ነው። ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ፣ ገብረ የተባለውን ሁሉ ይሰበስብና እንደ ድሮው አንድ በአንድ ይጠይቃል። ገብረ ሲያልቅ ወልደ መጣ፣ ወልደ ሲያልቅ ኃይለ።

አንድ ሽማግሌ በመስኮቱ አንገታቸውን አስገብተው «ጓለይ፣ ስሜ ጠፋ?» አሉኝ፤ ጓለይ ልጄ ማለት ነው።

«አልጠፋም አቦይ፣ በዝቶብኝ ነው።»

«ከጠፋ ንገሪኝ፣ ሌላ ላውጣ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ራህዋም ሳቀች። ሳቋ ክፋት የለውም፣ እሱ ነው ያናደደኝ። «ፋጡማ ሓፍተይ፣ እኛ ቤት ብቻ ስንት ገብረ አለ እኮ!» አለችና፣ እህቴ ማለቷ ነው፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። ሙሉውን ስም ከሙሉው የአባት ስም ጋር አጣምራ አንድ ኢንዴክስ አደረገችው፣ ሰው መስኮቱ ላይ በሚናገርበት ቅደም ተከተል፣ ስም ፊት፣ የአባት ስም ኋላ። የእኔን ሰረዘችው።

«ቦታ ይበላል» አልኳት።

«ይብላ።»

«ምዝገባውም ይዘገያል።»

«በቀን ስንት አዲስ ሰው ይመዘገባል? ስንቱስ ይፈለጋል? ለሚፈለገው ነው የምንሠራው።»

ሽማግሌው ስማቸውን ደግመው ሳይጨርሱ ካርዳቸው ተገኘ። መረቋት፤ የልጅ እናት ሁኚ፣ ዕደጊ፣ ምን ያልተባለች አለ! እውነቷን ነው፣ እውነቷን መሆኑ ነው ያንገበገበኝ። ሁለታችንም የተማርነው አንድ ትምህርት ነው፤ እሷ ግን የዚህን ከተማ ስም በየልቅሶውና በየክርስትናው ሲጠራ እየሰማች ነው ያደገችው። ይህን ከየት አባቴ ላምጣ? «ኮምቦልቻ ትምጣና በሙሐመድ ትፈተን!» አልኩ በሆዴ።

ዓርብ ዕለት አቶ ክንፈ ቦታውን ለራህዋ ሰጧት። እኔ ለእናቴ አልደወልኩም። ምን ብዬ? ልብሴን አጣጥፌ አልጋው ላይ ደረደርኩና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ፣ እንዳላየው።

እሑድ ረፋድ ላይ በሬ ተንኳኳ። ራህዋ ናት፣ በለስ በፌስታል ይዛ።

«ቦታውን አልወስደውም» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ።

«ለእኔ አዝነሽ ከሆነ አልፈልግም፣ ሂጂልኝ!»

«ለአንቺ ብዬ አይደለም፣ አትኩሪ። ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ። ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ።»

«ከእናትሽ ምሳ ተነስተሽ ኮምቦልቻ? አብደሻል?»

«እናቴ በየሰዓቱ ትደውላለች፣ ዘበኛው የት እንደዋልኩ ለአባቴ ይነግራል። የማስልበት ቦታ እንኳ የለኝም። አንቺ ማንም የማያውቅሽ ከተማ ብቻሽን መጥተሽ በር ዘግተሽ ትተኛለሽ። ከመጣሽ ጀምሮ እኮ እቀናብሻለሁ!»

በእኔ! በዳቦና በሻዬ! ልስቅ ብዬ እንባዬ መጣ። የቀናችብኝ ነገር እኔ በየሌሊቱ የማለቅስበት ነው፤ እኔ የቀናሁባት ደግሞ እሷ ልታመልጠው የምትፈልገው።

«ፋጡማ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እማማ ጋ ማረፊያ አይገኝም? ቤት እስካገኝ ብቻ።»

ምን ልበል? እኛ ቤት እንግዳ መልሶ አያውቅም። ደወልኩ። እናቴ ጥያቄዬን ሳታስጨርሰኝ «ትምጣ! አላህ አመጣት!» አለች፣ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ቋሚ ሆንኩ እንግዲህ። አቶ ክንፈ ወረቀቱን ሲሰጡኝ «ራህዋ ስለተወችው» አሉ። ያችን ቃል ባይጨምሯት ምን ነበረበት? ቀኑን ሙሉ የምሠራው በእሷ ኢንዴክስ ነው። ገብረመድህኖች ይመጣሉ፣ ወዲያው ይገኛሉ፣ «ተባረኪ» ብለውኝ ይሄዳሉ። ምርቃቱን የምቀበለው እኔ፣ ሥራው የእሷ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ።

«ቤት እስካገኝ ብቻ» ያለችው ልጅም ቤት መፈለጉን ተወችው። ባለፈው ዓርብ ለእናቴ ደውዬ፣ ስልኩን አንስታ «አሎ» ያለችኝ ራህዋ ናት። «አቦ ፋጤ! ደህና ነሽ ወይ የኔ ዓለም!» አለች ወሎዬ ሆና። ፋጤ የምትለኝ እናቴ ብቻ ነበረች። እሷ ጾም ላይ ስለሆነች፣ እናቴ ሽሮዋን በሌላ ድስት ለብቻ እንደምትሠራላት፣ ማታ ማታም አብረው ድራማ እንደሚያዩ በደስታ ነገረችኝ። ከኋላ የእናቴ ሳቅ ይሰማኛል። ለእኔ ሰሞኑን እንዲያ ስቃልኝ አታውቅም።

ቆይታ እናቴ ስልኩን ተቀበለቻት።

«ፋጤ፣ ሥራው ጥሩ ነው?»

«ጥሩ ነው እማ።»

«አልሐምዱሊላህ። ለዒድ ትመጫለሽ?»

«ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ እመጣለሁ።»

«በይ አስቀድመሽ ደውዪልኝ፣ ሳሎን ፍራሽ አነጥፍልሻለሁ።»

«አልጋዬስ?»

ሌላ ሰው እንዳይሰማት አፏን ወደ ስልኩ አስጠግታ ነው መሰለኝ፣ በሹክሹክታ፦

«ራህዋን እንዴት አስነሳታለሁ ልጄ? በሰው ሀገር ያለች ናት እኮ፣ ይከፋታል።»

«እሺ እማ» አልኳት።