በመኪናው ጣሪያ ላይ ያለፈው ቢጫ መስመር

ታላቅ እህቴ የአስፋልት ቀለም ቀቢ ነበረች። ነበረች የምለው ሞታ አይደለም፤ አፌን ቁርጥ ያድርገው! እሷ ደህና ናት። የሞተችው እናታችን ናት። እህቴ ከሥራ የተባረረችውም በእማዬ ሞት የተነሳ ነው። ደግ አደረገች፤ አሁንም ደግ አደረገች እላለሁ። ቅር የሚለው ካለ የራሱ ጉዳይ ነው።

እታለም ነው የምላት። እሷን ለማወቅ ቤቷ መግባት ይበቃል። በር ላይ ጫማ ተንጋዶ ከተቀመጠ ወሬ አይገባትም፤ ተነስታ ካላስተካከለች እንግዳም ቢመጣ አታናግርም። ባሏ «እኔ የተጋባሁት ከሴት ሳይሆን ከማስመሪያ ጋር ነው» እያለ ይስቃል። መንገድ ላይ ክር ወጥራ፣ ጎንበስ ብላ ሮለሯን ስትገፋ ግን ሹፌሮች እንኳ ጥሩምባቸውን ይተዋሉ። በእኛ ሰፈር መስቀለኛ መንገድ ላይ ያለውን የእግረኛ ማቋረጫ የቀባችው እሷ ናት። እማዬ በተሻገረች ቁጥር «ይሄን የቀባችው የኔ ልጅ ናት» እያለች ለማታውቀው ሰው ሁሉ ትናገር ነበር።

ማቋረጫው ጥግ ላይ መጋረጃ ቤት አለ። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይለዋል። ጎኗ ላይ የሱቁ ስም በትልቁ የተጻፈባት ነጭ መኪና አለችው፤ እሷን ከጥጉ አፍንጫ ላይ አቁሟት ይውላል። ዕቃ ሊጭንባት እንዳይመስላችሁ፤ ለማስታወቂያ ነው። ከጎን መንገድ የሚወጣ ሹፌር ማቋረጫውን አያይም፤ ተሻጋሪውም ሹፌሩን አያይም። እታለም ስንቴ ለመነችው! «ጋሼ፣ ትንሽ ፈቀቅ ያድርጓት፣ ሰው ትጋርዳለች።» «እሺ የኔ ልጅ» ይላታል። እሺ ማለት ደግሞ አያስከፍል።

አንድ ጠዋት እማዬ ከዚያች መኪና ጀርባ ብቅ ስትል ከጎን መንገድ የወጣ ፒክአፕ መታት። ሹፌሩ አስፋልቱ ላይ ተቀምጦ ራሱን እየመታ «አልታየችኝም፣ አልታየችኝም» ይል ነበር። እሱን ይቅር ብለነዋል። ጋሼ ግን ሊያስተዛዝነን ቤታችን መጣና ወንበር ላይ ከተመቻቸ በኋላ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኔ መኪናዬን አቆምኩ እንጂ ሰው አልነካሁ።» ማንም ሳይጠይቀው እኮ ነው! እታለም ቀና ብላ አየችው። ያን አስተያየቷን ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማውቀው ለእሱ ፈራሁለት።

አክስታችንም ገብቷታል መሰለኝ «ተይው ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው» አለቻት።

«እኔ መቼ ጸሎት ላይ ነኝ አልኩ፣ አክስቴ?» አለችና የቦት ጫማዋን ክር አሰረች።

ከዚያ በኋላ ከሥራ በወጣች ቁጥር ቀለም የጠገበ ቱታዋን ሳታወልቅ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ገብታ ቁጭ ትላለች። ጥያቄዋ አንድ ነው፤ ከጥጉ እስከ መብራት ምሰሶው ድረስ መኪና ማቆም ይከልከል። «ነገ ነይ» ይሏታል። ነገ ትመጣለች። ወንበሮቻቸው ሁሉ ቢጫ ሆኑ። በመጨረሻ አንድ መሐንዲስ ተማሮ አብሯት መጣ። ከጋሼ መኪና ጀርባ ብቅ ከማለቱ አንድ ሚኒባስ አፍንጫውን ገፎት ሊያልፍ ምንም አልቀረው። አመድ መስሎ «ይከልከል» አለ።

መኪና ማቆም የሚከለክለው ቢጫ መስመር የሚቀባ ዕለት እታለም ቱታዋን ተኩሳ ለበሰች። ቱታ ተኩሶ የሚለብስ ሰው ያየሁት ያኔ ነው። ጋሼ ግን መኪናዋን ቆልፎ ሱቁ በር ላይ ሻዩን እየጠጣ ይጠብቃል። «ቁልፉ ጠፍቶብኛል» ይላል፤ ቁልፉ ጣቱ ላይ ይሽከረከራል። የቀቢዎች አሠራር የታወቀ ነው። የቆመ መኪና ካጋጠማቸው እሱን ዘለው ከወዲህና ከወዲያ ይቀባሉ፤ የቀረውን በሌላ ዙር ይሞሉታል። ፎርማኑ «ዝለይው» አላት፤ እሷም እንደ ልማዷ ዘለለችው። የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው።

በማግስቱ ጋሼ በመኪናዋ ሥር የቀረውን ባዶ ቦታ ለአላፊ አግዳሚው እያሳየ «ይኸው፣ መንግሥት ራሱ ለክቶ ሰጠኝ!» ይል ጀመር። የሰፈሩ ትራፊክ ፖሊስም ራሱን እየነቀነቀ «ቢጫ የሌለበት ቦታ ላይ መቅጣት አልችልም» አለን። ከዚያ ወዲህማ ጋሼ ጭራሽ አላነሳትም፤ እሱ በታክሲ ይመላለሳል፣ መኪናዋ ትጠብቅለታለች። ቀጣዩ ዙር መቼ እንደሆነ ፎርማኑም አያውቅም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱቄ ከመጋረጃ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ልጆቹ ልክ እንደ እማዬ ከመኪናዋ ጀርባ ብቅ ይላሉ። አንዱ ብቅ ባለ ቁጥር መርፌው ጣቴን ይወጋኝ ነበር።

አንድ ቀን በቀትር እታለም ሮለሯንና ባልዲዋን ይዛ ከተፍ አለች። «ጋሼ፣ መኪናዎን ያንሱልኝና ሥራዬን ልጨርስ።»

«ባላነሳትስ?»

«እንግዲያው ባለችበት እጨርሳለሁ።»

መስመሩ ከተቋረጠበት ጀመረች። ሮለሯን ፓራውልቱ ላይ አወጣች። በቦት ጫማዋ ኮፈኑ ላይ ተሰቀለች። በፊት መስታወቱ፣ በጣሪያው ላይ አልፋ በጀርባው ወረደችና ከወዲያኛው ቢጫ ጋር አገናኘችው። ቀጥ ያለ ነው! ከዚያ ይበልጥ ቀጥ አድርጋለሁ የሚል ካለ ይምጣ። ጋሼ የሻይ ብርጭቆው ከእጁ ወደቀበት። «እብድ! ኧረ ፖሊስ ጥሩ! ኧረ ያዙልኝ!»

ጣሪያው ላይ ሳለች ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው። «ምን ያስጮህሃል? መስመር አሰመርኩ እንጂ ሰው አልነካሁ።»

እኔ ሱቄ በር ላይ ቆሜ አጨበጨብኩ። አላፍርበትም።

መስታወቷ ስለተሸፈነ መንዳት አልተቻለም። ጋሼ በገዛ ስልኩ ክሬን ጠርቶ አስነሳት። እታለምን ሊወስዳት የመጣው ያው ትራፊክ ፖሊስ ነበር። መኪናዋ ከመሬት ብድግ ስትል ባዶውን ቦታ አየው፤ ቀጥሎ እሷን አየ፤ ቀጥሎ ባልዲውን። «በይ ቶሎ ጨርሽና እንሂድ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ጨረሰችና አብራው ሄደች።

ከሥራ ተባረረች፤ ክስም ተመሠረተባት። አሁን እኔ ሱቅ ውስጥ ሱሪ ትተኩሳለች። እሷ ያወጣችው የሱሪ መስመር ጺም ይላጫል። ያ ጥግ ግን ዛሬ ክፍት ነው፤ የሚሻገር ይታያል።

ጋሼ መስታወቷን ቀየረ እንጂ ከኮፈኗና ከጣሪያዋ ቢፍቀው ቢፍቀው አልለቅ አለው። በሄደበት ሁሉ «መስመሯ መጣች!» ይሉታል። ቢቸግረው ኮፍያውን በእጁ ይዞ ሱቄ ገባ።

«የኔ ልጅ፣ ክሱን ልተውልሽ። ይሄን ቀለም ምን እንደሚያስለቅቀው ብቻ ንገሪኝ።»

ታውቀዋለች እኮ። ዕድሜዋን ሙሉ እጇን በምን ስታጸዳ ኖረች? ካውያዋን አቆመች። «እናቴ ስትሞት ቤታችን ተቀምጠህ ያልካትን ነገር ድገማትና እነግርሃለሁ።»

«የቷን?» አለ።

ደሜ ፈላ። ረስቶታል! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ሲባል እሰማለሁ፤ የምር የሚረሳ ሰው ይኖራል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

እታለም ካውያዋን መልሳ አነሳች። «እንግዲያው ክስህን አትተው» አለችው። «መኪናህም እንዲሁ ትሁን። አሁን ከሩቅ ትታያለች። እናቴ ግን አልታየችም።»

ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። አሳዘነህ ወይ ብትሉኝ፣ ቅንጣት አላሳዘነኝም። እታለም ጀርባዋን ሰጥታኝ ካውያዋን ሱሪው ላይ አሳረፈች። ያን ሱሪ በኋላ አንስቼ ሳየው መስመሩ ጠማማ ነው። እህቴ ጠማማ መስመር ስታወጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሳላሳያት ውኃ ረጨት አድርጌ እኔው ደግሜ ተኮስኩት።